ደህና የተባለው እጅ

ሰፈርተኛው «ጉድጉድ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ቢታወቅም አትቀየመውም፣ እውነት ነዋ። ተቀምጣ ስትበላ ያያት ሰው የለም። ቆማ ትጎርሳለች፣ እየሄደች ትጠጣለች፤ ላውንደሪ ውስጥ ካውያ ጨብጣ ስትተኩስ ትውልና ቤቷ ስትገባ ደግሞ የሚተኮስ ነገር ፍለጋ ቁምሳጥን ትከፍታለች። «ኧረ ረጋ በይ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሏት፣ «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ» ትላለች። ደግሞም ደርሳ ትመለሳለች።

ባሏን አይቶ «እነዚህ ሁለቱ በምን ተገናኙ?» ያላለ የለም። ፀጉር አስተካካይ ነው፣ «ጋሽ ይሁና» ይሉታል። ተራው ያልደረሰ ደንበኛ ዘሎ ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ «ይሁና» ነው። መብራት ጠፍቶ የአንዱ ራስ በግማሽ ተላጭቶ ቢቀርም «ይሁና» ነው፤ ባለራሱ ቢጮኽም እሱ አይጮኽም። ቅሬታ የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «እንዴት ነህ?» ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልል፣ አንተ ደህና ነህ?» ይህንኑ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ብሎታል፣ ጥርሱን ተነቅሎ ደም እየተፋም ብሎታል።

ከአራት ወር በፊት የአንድ ሰውዬ ጢም ግማሽ ላይ አድርሶ ሳለ ቶንዶሱ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል እጁ አልታዘዝ አለው። እንደገና ሞከረ። ከዚያ አፉ ወደ አንድ ጎን እየተጣመመ፣ «ይቅርታ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አለ ደንበኛውን። ወለሉ ላይ የተዘረጋው ይህን ተናግሮ ነው። ስትሮክ ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ ቶሎ ታዘዘለት፣ አፉም ተቃና። ቀኝ እጁ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ትከሻው ይነሳል፣ ክርኑ ይታጠፋል፤ ጣቶቹ ግን መዳፉ ውስጥ እንደተሰበሰቡ ናቸው፣ አንዱን ሲፈቱት ሌላው ይታጠፋል። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን አስቀምጦ (ሚስትየው አልተቀመጠችም እንጂ) «እጅ በደንብ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ አሁን ካልተሠራበት ይደርቃል» ብሎ ወደ ተሐድሶ ሕክምና ማዕከሉ ላካቸው። ማዕከሉ የመንግሥት ነው፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። እነሱ ቶሎ የገቡት አንድ ታካሚ ወደ ሌላ ከተማ ስለሄደ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየሕክምናው ቀን ጠዋት ባሏን እንደ ሙሽራ ታዘጋጀዋለች። ሸሚዙን ኮሌታው እጅ እስኪቆርጥ ድረስ ትተኩሳለች። ሰባቱን ቁልፍ በአንድ ትንፋሽ ትቆልፋለች፤ እሱ በግራ እጁ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሲፈልግ እሷ ሰባተኛው ላይ ደርሳለች። ቀበቶውን ታጠብቃለች፣ የጫማውን ክር ታስራለች፣ ጢሙን ትላጨዋለች። «ተዪ፣ እኔ ልሞክረው» ካላት «ይረፍድብናል» ነው መልሷ። እውነቱን ለመናገር የሚያስቸኩላት ሰዓቱ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያሳምር የኖረ ሰው ተዝረክርኮ እንዲታይ፣ ሰውም «ውይ፣ ምስኪን» እንዲለው አትፈልግም። አስጊጣ እስከ ማዕከሉ በር ታደርሰዋለች፣ ከዚያ ወደ ላውንደሪዋ ትሮጣለች። ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም።

ረቡዕ ዕለት ልትወስደው ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። በግራ እጁ ወረቀት ይዟል፣ ፈገግ ብሏል።

«ጨረስኩ» አላት።

«ምኑን?»

«ሕክምናውን። ደህና ነዎት፣ ከእንግዲህ መመላለስ አያስፈልግዎትም አሉኝ።»

ቀኝ እጁን አየችው። ያው ነው። ጣቶቹ መዳፉ ውስጥ ተሸሽገዋል።

«ማነው ደህና ነህ ያለህ?»

«ልጁ ነዋ፣ ባለሙያው። ጥሩ ልጅ እኮ ነው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ? እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሁና አልኩ።»

«ይሁና!» አለች። ወረቀቱን ነጠቀችውና ወደ ካርድ ክፍል ገሰገሰች። እሱ ከኋላዋ ለዘበኛው «ደህና ዋልክ?» ሲል ይሰማታል።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጎልማሳ ነው። በመደርደሪያዎቹ መካከል እንዳሻው ይሾራል፣ ከፍ ያለውን ፋይል ጫፉ በተቆለመመ ዘንግ ስቦ ጭኑ ላይ ይጥላል፤ ጉድጉድ ፍጥነቱን ስታይ ከመናደዷ መሀል ወደደችው። ሌላ ቀን ቢሆን ላውንደሪያቸው ውስጥ ታስቀጥረው ነበር።

«ፋይሉ ተዘግቷል» አላት ገልጦ እያየ። «ምነው፣ ደስ አይልም እንዴ? ድነዋል እኮ።»

«ማን ነው የዳነው? እጁ ማንኪያ አይዝም!»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበላት። «ሕመም፦ የለም። መብላት፦ ራሱን ችሎ። ልብስ መልበስ፦ ራሱን ችሎ። ጢም መላጨት፦ ራሱን ችሎ። የታካሚው አስተያየት፦ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ገጹን ገለበጠ። «እዚህም ደህና ነኝ። እዚህም ደህና ነኝ። እህቴ፣ አሥራ አንድ ጊዜ መጥተው አሥራ አንድ ጊዜ ደህና ብለዋል።»

«እሱማ አመሉ ነው! ሬሳ ሆኖም ደህና ነኝ ሳይል አይቀርም!»

«ይገባኛል» አለ ሰውዬው፣ አልሳቀም። «እኔንም በዚሁ ቃል አንድ ጊዜ ሸኝተውኛል። ተጠየቅኩ፣ ደህና አልኩ፣ ተጻፈ። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችን፣ ሰላምታ ላቀረበ ሰው በሽታ አይዘረገፍም። እዚህ ቤት ግን ደህና የሚባል ቃል አደገኛ ነው። ጤና ይስጥልኝ ማለት መስሎሽ ስትናገሪው መፈረምሽ ነው።»

በዚህ መሀል ባለሙያው ራሱ ደረሰ፤ ጩኸቷን ከኮሪደሩ ሰምቶ ነው። ቀጭን ወጣት ነው፣ እጁ ቅባት ቅባት ይላል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጠይቄአቸዋለሁ» አለ፤ ድምፁ ተርበትብቷል። «በመጡ ቁጥር ‹ጋሼ፣ ልብስ መልበስ ላይ እንዴት ነዎት?› እላለሁ፣ ‹ደህና› ይሉኛል። ጣቶቻቸው ደከም እንዳሉ አይቻለሁ። ግን ቤት ውስጥ እየተጠቀሙባቸው መሰለኝ። እሳቸውን የመሰለ ለብሶ የሚመጣ ታካሚ የለኝም። ሸሚዛቸው ዝንፍ አይልም፣ ጢማቸው ተላጭቶ፣ የጫማቸው ክር ተስተካክሎ ታስሮ… በእነዚህ ጣቶች ይህን ካደረጉ ከእኔ የሚፈልጉት ነገር የለም አልኩ።»

ያንን ኮሌታ የተኮሰችው ጉድጉድ ራሷ ናት። ያንን ክር ያሰረችው እሷ ናት። ባሏ በቃሉ ዋሸ፣ እሷ ደግሞ በካውያዋ አጸደቀችለት። ልጁን ለመስደብ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ወደ ራሷ ዞረ፣ ፊቷም ጋለ።

«አለቃህን አሳየኝ» አለች በመጨረሻ።

አለቃየዋ ስብሰባ ላይ ናት ተባለ። ስብሰባው ላይ የለችም፣ መሣሪያ ክፍል ናት ተባለ። መሣሪያ ክፍል ስትደርስ አሁን ወጣች አሏት። ደረጃ የሌለውን ለተሽከርካሪ ወንበር የተሠራ መወጣጫ ሦስት ጊዜ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ወረደች፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ባሏ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባለፈች ቁጥር ቀና ብሎ ያያታል፤ «ቁጭ በይ እስቲ» ሊላት አፉን ይከፍትና ይተወዋል። ኃላፊዋን በመጨረሻ ያገኘቻት በዋናው በር ነው፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ስትወጣ። መንገዷ ላይ ቆመችባት፤ ነገሩን ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

ኃላፊዋ ሳታቋርጣት ሰማች። ፀጉሯ ሸበት ያለ፣ ቶሎ የማትናገር ሴት ናት።

«ያንን ሰዓት ሰኞ የምትይዝ አንዲት ሴት አለች» አለች። «ሰባት ወር ጠብቃለች፤ የእሷም እጅ እጅ ነው። አንቺ ስለጮኽሽ ፋይል አልከፍትም። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይምጡ፣ እኔ ራሴ አያቸዋለሁ። እንደሚያስፈልጋቸው ካየሁ ይከፈታል። ካላየሁ እንደ አዲስ ይመዘገባሉ።»

«እንደ አዲስ ማለት ስንት ነው?»

«ሰባት፣ ስምንት ወር።»

ስምንት ወር! ሐኪሙ ይደርቃል ያለው እጅ በስምንት ወር እንጨት ይሆናል።

«ታዲያ ዓርብ ራሳቸው ለብሰው ይምጡ» ስትል ቀጠለች ኃላፊዋ፤ «ከቁልፍ እስከ ጫማ ክር፣ እጅሽ እንዳይነካቸው። ሕክምና ክፍሉ ስትገቢም ትሰሚያለሽ እንጂ አትናገሪላቸውም።»

«እጄን አስረሽ ምላሴንም ልታስሪው?»

«ለአንድ ጠዋት ነው» አለች ኃላፊዋ፤ ቦርሳዋን አስተካክላ ሄደች።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ጉድጉድ ሥራ አልያዝላት አለ። የሰው ሱሪ ላይ ሁለት መስመር አወጣች። ቤት ስትገባ ባሏን ወንበር ላይ አስቀመጠችና እሷ ፊት ለፊቱ ወዲህ ወዲያ እያለች ማለማመድ ጀመረች።

«እኔ ኃላፊዋ ነኝ። እንዴት ነዎት?»

«ደህ…»

«አትበል! እንደገና። እንዴት ነዎት?»

«ምንም አልል።»

«እሱም ያው ነው! ‹ደህና አይደለሁም› በል። ሁለት ቃል ናት፣ አትገድልህም።»

አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ያሳፍራል» አለ። «ሰው እኮ እንዴት ነህ ሲልሽ ሊሰማ ብሎ አይደለም።»

«እነሱ ሊሰሙ ብለው ነው! ሥራቸው መስማት ነው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«ዝም አይነቅዝምም ሲባል ሰምቻለሁ።»

«እጅ ግን ይነቅዛል!»

እሱ ወደ መሬት እያየ፣ «ልጁ በላብ እስኪጠመቅ እጄን ሲያሽ ይቆያል» አላት። «ስንት ሰው ተሰልፎለት። ጨርሶ ‹ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?› ሲለኝ ‹አልዳንኩም› ማለት ልፋትህ መና ነው ማለት አይሆንብኝም? እኔም እኮ ሙያ ያለኝ ሰው ነኝ። ተስተካክሎ ሲያበቃ መስታወት አይቶ ፊቱን ያጨማደደ ደንበኛ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።»

ይህን ስትሰማ ወደደችው፣ እዚያው ላይ ደግሞ አንቃ ልትገድለው ደረሰች። ሁለቱ ስሜቶች እሷ ዘንድ ሁልጊዜም ጎረቤት ናቸው።

ዓርብ ጠዋት ሸሚዙን አልጋው ላይ አስቀመጠችለትና በሩን ዘግታ ወጣች። አልተኮሰችውም፤ እንደዚያ ነው የተባለችው። ሳሎን ውስጥ ዞረች። ወጥ ቤት ገባች፣ ወጣች። ከውስጥ አንዳች ነገር ሲወድቅ ሰማች፣ እጇ ወደ በሩ እጀታ ሄደ፣ መለሰችው። ሃያ ደቂቃ። ካውያውን ሰክታ የትራስ ልብስ መተኮስ ጀመረች። ከውስጥ የትንፋሹ ድምፅ ይሰማታል፣ እንደ ከባድ ዕቃ ተሸካሚ ነው የሚተነፍሰው። አንድ ጊዜ «እ!» አለ፣ ከዚያ ደግሞ ጸጥ። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ስትመለስ የትራስ ልብሱ ላይ ካውያው ቡናማ ሆኖ ታትሟል። በሃያ ዓመት የላውንደሪ ሥራ ጨርቅ ስታቃጥል የመጀመሪያዋ ነው።

ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ በሩ ተከፈተ።

ሸሚዙ አንድ ቀዳዳ ስቶ ተቆልፏል፤ ስለዚህ በአንድ በኩል አንገቱ ላይ ወጥቶ በሌላው ወርዷል። ሁለቱ የታችኞቹ ቁልፎች ጭራሽ አልተቆለፉም። ቀበቶው ዘለበቱ ጎኑ ላይ ነው። አንደኛው የጫማ ክር መሬት ይጠርጋል። የግራ ጉንጩ በደንብ ተላጭቷል፣ የቀኙ ግን እዚህም እዚያም ቀርቶበታል፤ አገጩ ላይ በምላጭ ተነክቶ ትንሽ ወረቀት ለጥፏል። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ሲያሳምር የኖረው ሰው ይህን መስሎ ፊቷ ቆመ።

አለቀሰች። ልትደብቀው አልሞከረችም።

«እንሂድ» አላት፣ «ይረፍድብናል።»

መንገዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለ። እጇ ሁለት ጊዜ ወደ ኮሌታው ተነሳ፣ ሁለት ጊዜ መታችው። በኋላ ሁለቱን እጆቿን በሻርፗ ጠቀለለቻቸው። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሸሪኩና ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር፤ ጨዋታቸው ቀጥ አለ። ከሁሉም የባሰችው ግን የላውንደሪ ባልደረባዋ ናት፣ ከመንገዱ ማዶ ሆና «ምነው ጉድጉድ፣ ዛሬስ ባልሽን ረሳሽው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ መልስ ሰጥታ ታስቀምጣት ነበር። አሁን ግን ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አለፈች። ጋሽ ይሁና የተለቀቀ ክሩን እየጎተተ ለሁሉም በግራ እጁ ሰላምታ ይሰጣል፤ «ደህና አደራችሁ? ደህና፣ እግዜር ይመስገን።»

ክፍሉ ውስጥ ኃላፊዋና ወጣቱ ባለሙያ ጠበቋቸው። ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ የተሰፋበት ሰሌዳ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ማንኪያዎች ተደርድረዋል። ጉድጉድ በሩ ጥግ ቆመች፤ ወንበር ቢያሳዩዋትም «ይመቸኛል» አለች።

«እንዴት ነዎት?» አለች ኃላፊዋ።

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን፣ እናንተ ደህና ናችሁ?»

ጉድጉድ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ ሄደ፣ ስምንት ወር። ምላሷን ጥርሷ መሀል ይዛ ቆየች፤ ምራቋ ደም ደም አላት።

ኃላፊዋ ግን አልጻፈችም። ሸሚዙን እያየች ነው። «ይህን ማን ቆለፈው?»

«እኔ።»

«ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?»

«ከአንድ ሰዓት በላይ። ጢሙ ነው የበለጠ ያቆየኝ።»

«ሌላ ጊዜስ ማን ይቆልፈዋል?»

ጋሽ ይሁና ወደ ጥጉ አየ። «እሷ።»

ወጣቱ ባለሙያ አንገቱን ደፋ። ኃላፊዋ ብዕሯን አነሳች። «በዚህ እጅ ምን መሥራት ነው የሚፈልጉት? ወደ ፀጉር ቤቱ መመለስ?»

ጉድጉድ «አዎ በል» በሚል ዓይን አየችው። እሱ ግን ጊዜ ወሰደ። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ቢሆን ደስ ይለኛል» አለ። «መጀመሪያ ግን ቁልፉን ነው። ጠዋት ስትቆልፍልኝ እጇ ደረቴ ላይ ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ድሮ አይንቀጠቀጥም ነበር። ባለፈው ሰሞን አራተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳ ያዘች። ራሴን አዞረኝ አለች፣ ወዲያው ደግሞ አምስተኛውን ቆለፈች። እኔም እንደዚያ ነበር የጀመረኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት እኔን ታለብሳለች፣ ቀን የሰው ልብስ ትተኩሳለች፣ ከዚያ እኔን ታበላለች። ቁልፉን እኔ ብይዝላት እሷ…»

«እኔን ተወኝ!» አለች ጉድጉድ ከጥግ፤ ሦስቱም ዘወር አሉ። «ምን አገናኘው? ስለ እጅህ ነው የተጠየቅከው! ስለ እጅህ ተናገር!»

«ስለ እጄ ነው የምናገረው» አላት ረጋ ብሎ።

ኃላፊዋ ተነስታ የደም ግፊት መለኪያውን አመጣች። «ነይ እስቲ ተቀመጪ» አለቻት።

«እኔ ታካሚ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። ተቀመጪ።»

ክንዷ ላይ ተጠቀለለ፣ ተነፋ፣ ጠበቀ። መሣሪያው እንደ ሰው እንዴት ነሽ አይልም፤ ቁጥሩን ብቻ ያወጣል። ኃላፊዋ ቁጥሩን አየች፣ ምንም ሳትል በሌላኛው ክንዷ ደገመችው። ወጣቱ ከጀርባዋ አሻግሮ አየና ከንፈሩን ነከሰ።

«መቶ ዘጠና» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሼ የወደቁ ቀን ፋይላቸው ላይ የተመዘገበው ከዚህ አይበልጥም።»

ጉድጉድ ሻርፗን ፈልጋ እጆቿን መልሳ ጠቀለለች። ፈራች። ባሏ ወድቋል ብለው በጠሯት ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራችም፤ ያን ጊዜ የምትሮጥበት ነበራት።

ኃላፊዋ መወሰን ጀመረች፤ አሁን ፈጣን ሆነች። የእሱ ፋይል ለስድስት ሳምንት ይከፈታል። ሰኞ የምትመጣዋ ሴት ቦታዋን አትለቅም፤ «ልጁ ሁለት እጅ አለው፣ አንድ አንድ ትካፈሉታላችሁ» አለች። ሥራው ከቁልፍ ይጀመራል፤ ሚስት በየሳምንቱ አንድ ቀን አብራ ገብታ አለማገዝን ትማራለች። «ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው» አለች። ጉድጉድ ደግሞ አሁኑኑ፣ ከዚህ ስትወጣ፣ ካርድ አውጥታ እዚሁ ግቢ ሐኪም ዘንድ ትገባለች።

«ላውንደሪ ይጠብቁኛል» አለች ጉድጉድ።

ኃላፊዋ በሩን ከፈተችላት።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ባዶ ካርድ ስቦ ጭኑ ላይ አኖረ። ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል፤ ግማሾቹ የጋሽ ይሁናን ሸሚዝ እያዩ ነው። ሠራተኛው ስሟንና ዕድሜዋን ጽፎ ብዕሩን አቆመ።

«እሺ እህቴ፣ ምን ይሰማሻል?»

«ኧረ ምንም» አለች ጉድጉድ፤ እግሯ ወደ በሩ ዞሯል። «ትንሽ ድካም ነው። ዝም ብለው እኮ ነው የላኩኝ። ደህና ነ…»

«ደህና አይደለችም» አለ ጋሽ ይሁና።

ጮክ ብሎ ነበር፣ የተሰለፈው ሁሉ ቀና አለ። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን አልተመለሰም። ጎንበስ ብሎ ግራ እጁን ከብዕሩ አጠገብ መስኮቱ ላይ አኖረ።

«ደህና አይደለችም» አለ እንደገና። «እንደዚያ ብለህ ጻፍልኝ፣ ወንድሜ።»